ለሚቀጥለው የፀሐይ ዑደት ማንን እያዘጋጀን ነው?

በ2017 ዓ.ም በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ የአዲስ አበባ ሰው አንድ ተቋም በስሙ ለይቶ አወቀ። ሌሊት ፎቅ ላይ አልጋው የተወዛወዘበት ሁሉ ጠዋት ሬዲዮ ሲከፍት የሚሰማው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የኅዋ ሳይንስና የሥነ ፈለክ ተቋም ተመራማሪዎችን ነበር። አራት ኪሎ ግቢ ውስጥ ያለው ይህ ተቋም በብዙዎቻችን አእምሮ የመሬት መንቀጥቀጥን ብቻ የሚከታተል ሆኖ ተቀርጿል። መነሻው ግን ሌላ ነው። ጣቢያው ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1958 መጀመሪያ፣ ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት በተባለው ታላቅ የምርምር ዘመቻ ወቅት ሲሆን፣ ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ይባል በነበረው ግቢ የተተከሉት መሣሪያዎች የምድርን መግነጢስ የሚለኩ ነበሩ። ሥራውን ለዓመታት የመሩት ካናዳዊው የጀስዊት ካህን ፒየር ጉዋን ናቸው። ዓለም አዲስ አበባን የፈለጋት ከመሬቷ ይልቅ በሰማይዋ ምክንያት ነበር።

ምክንያቱ መግነጢሳዊ ወገብ ነው። ይህ መስመር የኮምፓስ መርፌ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል ፍጹም አግድም የሚተኛበት ነው። በእኛ አካባቢ ከምድር ወገብ ጋር አይገጥምም፤ ወደ ሰሜን 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተስቦ ኢትዮጵያን አቋርጦ ያልፋል፤ አዲስ አበባም ከአጠገቡ ትገኛለች። በዚህ መስመር ላይ፣ ከመሬት ከ105 እስከ 110 ኪሎ ሜትር ከፍታ፣ በየቀኑ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ጠንካራ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ። ጠዋት ይነሳል፣ እኩለ ቀን አካባቢ ይበረታል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይከስማል። አራት ኪሎ ያለው ማግኔቶሜትር (የመግነጢስ መለኪያ) ይህን ጅረት ሳይነካው ያውቀዋል፦ 36,000 ናኖቴስላ (የመግነጢስ ጉልበት መለኪያ አሃድ) ገደማ ከሆነው የአዲስ አበባ መግነጢሳዊ ጉልበት ላይ በቀትር ጥቂት አስርት፣ በርትቶ ሲመጣ ደግሞ እስከ 100 ናኖቴስላ የሚደርስ ጭማሪ ይመዘገባል። ከሺህ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ብቻ የሆነችው ይህች ጭማሪ ናት የአንድን ሰው የሥራ ዘመን ልትሞላ የምትችለው።

ይህን የምጽፈው ለአዮኖስፌርና ለረጅም ርቀት ራዳር ምርምር ሕይወቱን የሚሰጥ የፊዚክስ ሰው በአገራችን ምን ዓይነት የሥራ ዘመን እንደሚጠብቀው ማየት ስለሚገባን ነው። ብዙ ጊዜ የሚነገረው የመሣሪያ እጥረት ነው። መሣሪያ እርግጥ ያስፈልጋል። በእኔ እምነት ግን ከሁሉ በላይ የጎደለን፣ አንድን ተመራማሪ ከዚህ ሰማይ ሥር ለሁለትና ለሦስት የፀሐይ ዑደት፣ ማለትም የፀሐይ ንቃት ጨምሮ ተመልሶ እስኪቀንስ ለሚፈጀው 11 ዓመት ገደማ ሁለትና ሦስት ጊዜ፣ የሚያቆይ የሥራ መደብ ነው።

አዮኖስፌር ከ60 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ የከባቢ አየር ክፍል ነው፤ የፀሐይ ጨረር ከጋዙ አተሞች ኤሌክትሮኖችን እየነጠቀ ስለሚለቃቸው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ አጭር የሬዲዮ ሞገድንም ወደ ምድር ይመልሳል። ማርኮኒ በዲሴምበር 1901 ከእንግሊዝ አትላንቲክን ተሻግሮ ኒውፋውንድላንድ ላይ ምልክት መቀበሉን ሲያስታውቅ፣ ሞገዱ የምድርን ጉብታ እንዴት እንደዞረ የሚያስረዳ ሰው አልነበረም። በዓመቱ ኬኔሊና ሄቪሳይድ፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ፣ ከላይ የሚመልስ ንብርብር መኖር አለበት አሉ። አፕልተን በ1924 በሙከራ አረጋገጠ፤ በ1947 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። በ1925 ብራይትና ቱቭ የተባሉ አሜሪካውያን አጭር የሬዲዮ ምት ወደ ላይ ልከው እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ በመለካት የንብርብሩን ከፍታ አወቁ። ራዳር ሆኖ አውሮፕላን መፈለጊያ የሆነው ዘዴ መሠረቱ ይኸው ነው። አዮኖስፌርን ማጥናትና ራዳርን መሥራት ከመጀመሪያውም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

የእኛም የቅርብ ታሪክ ከዚህ ንብርብር ጋር የተያያዘ ነው። አሜሪካ አስመራ ላይ የቃኘው ጣቢያን ይዛ የቆየችበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ከፍታውና ለምድር ወገብ ያለው ቅርበት ለሬዲዮ መቀበያ እጅግ የተመቸ ስለነበር ነው፤ በዚያ ጣቢያ ዙሪያ የአንድ ዘመን ዲፕሎማሲ ተሽከርክሯል። አዲስ አበባ ላይ በ1963 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ በአጭር ሞገድ አፍሪካና እስያ ይደርስ የነበረው አዮኖስፌር ድምፁን እያነጠረ ስላቀበለው ነው። ማታ ማታ የጀርመን ድምፅን ወይም የአሜሪካ ድምፅን ፍለጋ የሬዲዮ ቁልፍ ያዞሩ አባቶቻችን ድምፁ የሚደምቅበትንና የሚጠፋበትን ሰዓት በልምድ ያውቁት ነበር።

ከአድማስ ማዶ የሚያይ ራዳር ይህንኑ መመለስ የሚጠቀም መሣሪያ ነው። መደበኛ ራዳር የሚያየው በቀጥታ መስመር ስለሆነ የምድር ጉብታ ይጋርደዋል፤ ዝቅ ብሎ የሚበርን አውሮፕላን ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ሊያየው አይችልም። ከ5 እስከ 30 ሜጋኸርዝ ባለው አጭር ሞገድ የሚሠራው ግን ምልክቱን ወደ አዮኖስፌር ይልካል፣ ከዚያ ተመልሶ በሩቅ ባሕር ላይ ያርፋል፣ ከመርከብ ወይም ከአውሮፕላን የተመለሰው ደካማ ማሚቶ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። የአውስትራሊያው የጂንዳሊ መረብ ከ1,000 እስከ 3,000 ኪሎ ሜትር ርቀት የሚከታተለው በዚህ መንገድ ነው። ካናዳ በ2025 እ.ኤ.አ. የአርክቲክ ሰማይዋን ለመጠበቅ ይህንኑ የአውስትራሊያ ቴክኖሎጂ እንደምትገዛ አስታውቃለች። በሶቪየት ዘመን ግዙፍ የመቀበያ አንቴናው ቼርኖቤል አጠገብ የቆመው ዱጋ የተባለው ራዳር ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አጭር ሞገድ ላይ እንደ ግንደ ቆርቁር ሲጠቀጥቅ ለዓመታት የተሰማው በዚሁ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ሰማይ የሚገባው። የአጭር ሞገድ ራዳር መስተዋቱ የሆነው አዮኖስፌር ካልረጋ አያይም፤ መስተዋቱ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚናወጠው በመግነጢሳዊ ወገብ ዙሪያ ነው። በቀን ያ የወገብ ጅረት ያለበት የኤሌክትሪክ መስክ ፕላዝማውን፣ ማለትም ኤሌክትሮኖቹ የተነጠቁበትን ጋዝ፣ ወደ ላይ ይገፋዋል። ከዚያ በመግነጢስ መስመሮች ላይ ተንሸራቶ በሰሜንና በደቡብ 15 ዲግሪ ገደማ ርቆ ይከመራል። ፀሐይ ስትጠልቅ የታችኛው ንብርብር ቶሎ ይሳሳል፣ የላይኛው ከብዶ ይቀራል። ከባዱ ከላይ፣ ቀላሉ ከታች ሲሆን ሚዛኑ ይፈርሳል፤ ኤሌክትሮን የሳሳበት ግዙፍ አረፋ ከታች ፈልቶ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ይምዘገዘጋል። ይህ የሚሆነው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ባለው ጊዜ ሲሆን የሚበረታውም በመስከረምና በመጋቢት፣ ቀንና ሌሊት በሚስተካከሉበት ወቅት ነው። በአረፋ ውስጥ ያለፈ የራዳር ማሚቶ ድግግሞሹ ይበታተናል፣ ዝግ ብላ የምትሄድ መርከብ ከባሕሩ ሞገድ ማሚቶ ተለይታ አትታይም። በሰሜን በኩል ወደ ወገቡ የሚያዩት የአውስትራሊያ ራዳር ሰዎች ይህን ችግር በደንብ ያውቁታል። የረጅም ርቀት ራዳር ኢንጂነር፣ ወደደም ጠላም፣ መጨረሻው የወገብ ሰማይ ተማሪ መሆን ነው።

አንድ የዚህ መስክ ሰው ቀኑን በምን እንደሚያሳልፍ ለማየት አንድ ችግር ብቻ ጠጋ ብለን እንመልከት። ራዳር ረጅም ምት ቢልክ ጉልበት አለው፣ ግን ማሚቶው ከ100 ይምጣ ከ110 ኪሎ ሜትር አይለይም። አጭር ምት ቢልክ ከፍታውን ይለያል፣ ግን ማሚቶው በጫጫታ ይዋጣል። መፍትሔው ረጅሙን ምት በቁርጥራጭ ከፍሎ የአንዳንዱን ቁራጭ አቅጣጫ መገልበጥ ነው። ባርከር የሚባለው ዝነኛ ኮድ 13 ቁራጭ አለው፦ አምስቱ ቀና፣ ሁለቱ ግልብጥ፣ ሁለቱ ቀና፣ ከዚያ ግልብጥ፣ ቀና፣ ግልብጥ፣ ቀና። ተቀባዩ ይህን ቅደም ተከተል ስለሚያውቅ ማሚቶውን ከራሱ ጋር ያስተያየዋል። ሁሉም ቁራጭ በትክክል በተገጣጠመበት ቅጽበት ድምሩ 13 ይሆናል፣ ከዚያ ውጭ ከ1 አይበልጥም። ይቺ የቀረችው 1 ግን ከባድ ጣጣ አላት፤ ከአንድ ከፍታ የመጣ ጠንካራ ማሚቶ በሌላ ከፍታ ላይ የሐሰት ጥላ ይጥላል። ያን ጥላ በሒሳብ ጨርሶ የማጥፋት ጥያቄ ብዙ ሊቃውንትን አሳስቧል፤ ከነዚህም አንዱ ኢትዮጵያዊው የፊዚክስ ሊቅ ዶክተር ባይሌ ዳምጤ ናቸው። በፊንላንድ ከባልደረቦቻቸው ጋር በራዳር ኮድና ኮዱን በሚፈታ ሒሳብ ላይ ሠርተዋል፤ ወደ አገራቸው ተመልሰው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል። በባሕር ዳር ዛሬ የራዳርና የአዮኖስፌር ምርምር አለ ስንል ከእንዲህ ዓይነት ሰዎች ልፋት የተነሣ ነው።

የዚህ ዘርፍ ትልቁ የወገብ መሣሪያ ያለው ግን ፔሩ ነው። ከሊማ ወጣ ብሎ ሂካማርካ በተባለ በረሃማ ሸለቆ፣ 300 ሜትር በ300 ሜትር በሆነ መሬት ላይ 18,432 አንቴናዎች ተዘርግተዋል። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ስለ ወገብ አዮኖስፌር የምናውቀው ብዙው ነገር የመጣው ከዚያ ሸለቆ ነው። ይህ ደስ የሚያሰኝም የሚያሳስብም ነው፤ የፔሩ ሰማይ የእኛ ሰማይ አይደለምና። ከ2008 እ.ኤ.አ. በኋላ ሳተላይቶች ከላይ ሆነው ሲመለከቱ በአፍሪካ ላይ የሚፈጠሩት አረፋዎች ከሌላው አካባቢ የበዙና የሰፉ፣ በማይጠበቁባቸው ወራትም የሚታዩ ሆነው ተገኙ። ለምን? ከታች ሆኖ የሚያረጋግጥ መሣሪያ ጥቂት ስለነበር ለመመለስ አስቸጋሪ ነበር። በኖቬምበር 2012 የዓለም የኅዋ አየር ሁኔታ ተመራማሪዎች በዚሁ ጥያቄ ላይ ሊመክሩ አዲስ አበባ ተሰብስበው ነበር። በትውልድ ኢትዮጵያዊ የሆኑት ዶክተር እንዳወቀ ይዘንጋው የመሩት የአምበር የማግኔቶሜትር መረብ አዲግራትን ጨምሮ በአፍሪካ ከተሞች መሣሪያ የተከለውም ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

መሣሪያ መትከል ግን የሥራው አጭሩ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ባትሪው ይደክማል፣ መብራት ሲመጣና ሲሄድ ኮምፒውተሩ ይቃጠላል፣ የኢንተርኔት ክፍያ የሚፈርም ይጠፋል፣ ከውጭ የመጣ መለዋወጫ ጉምሩክ ይቀመጣል። በየጣቢያው መሣሪያውን እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቅ አንድ ቴክኒሺያን ካለ መዝገቡ ይቀጥላል፤ እሱ ሲለቅ መዝገቡ ይቋረጣል። የተቋረጠ የሰማይ መዝገብ ደግሞ በኋላ ገንዘብ ቢመጣም አይገዛም፤ ትናንት ማታ በጎንደርና በአዲስ አበባ ላይ ያለፈው አረፋ አልፏል።

የሰው ነገር ምን ያህል እንደሚወስን አንድ ታሪክ ላንሳ። ሜይ 23 ቀን 1967 በግሪንላንድ፣ በአላስካና በእንግሊዝ የነበሩት የአሜሪካ የሚሳይል ማስጠንቀቂያ ራዳሮች በአንድ ጊዜ ታወኩ። አዛዦቹ ሶቪየቶች ሆን ብለው ያፈኗቸው መሰላቸው፤ ይህ የጦርነት መጀመሪያ ተደርጎ ሊወሰድ የሚችል ድርጊት ነበር፤ የኑክሌር ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖችም ለመነሳት ተዘጋጁ። ነገሩን ያረጋጉት ፀሐይን በየዕለቱ የሚከታተሉ የአየር ኃይሉ ባለሙያዎች ናቸው፤ በዚያ ቀን ከፀሐይ የወጣ ብርቱ የሬዲዮ ፍንዳታ ራዳሮቹን እንዳወካቸው አስረዱ። ታሪኩ በዝርዝር የታተመው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። ያን ቀን ዓለምን የጠቀመው ከዓመታት በፊት የተቀጠሩና ሥራቸውን ሳያቋርጡ የቆዩ ሰዎች መኖራቸው ነው።

ይህ ሁሉ ከፒያሳ መንገደኛ ምን አገናኘው የሚል ሰው ካለ፣ የኮሪደር ልማቱ የሚቀየስበትን መሣሪያ ይመልከት። ቀያሹ ሮቨሩን (ተንቀሳቃሹን የጂፒኤስ መቀበያ) በዘንግ ላይ ተክሎ ይቆማል፣ ቤዙ (በታወቀ ነጥብ ላይ የቆመው መቀበያ) ከርቀት እርማት ይልክለታል፣ ስክሪኑ ላይ ፊክስድ የሚል ሲመጣ ነጥቡን በሴንቲ ሜትር ትክክለኛነት ይመዘግባል። ፍሎት የሚል ከመጣ ነጥቡ አይታመንም። ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ የአዮኖስፌር ኤሌክትሮን ጣሪያ ይነካል፤ በዚህ ሰዓት በቤዙና በሮቨሩ መካከል ያለው የሰማይ ልዩነት ሲሰፋ ስክሪኑ ፍሎት ላይ ተገትሮ ይቀራል፤ ቀያሹም ያለ ሳተላይት ወደሚለካው ቶታል ስቴሽን ይመለሳል። ለፎቁና ለዛፉ ብቻ የሚሰጠው ጥፋት ብዙ ጊዜ የአዮኖስፌር ድርሻ አለበት። እርማት የሌለው ተራ ጂፒኤስ ላይ ደግሞ ስሌቱ ግልጽ ነው። ከሳተላይቱ እስከ መሬት ባለው መንገድ ላይ በአንድ ካሬ ሜትር 10 ሺህ ትሪሊዮን ኤሌክትሮን ሲኖር ምልክቱ 16 ሴንቲ ሜትር የሚያህል ይዘገያል። ፀሐይ በነቃችባቸው ዓመታት በወገቡ አካባቢ የኤሌክትሮኑ ብዛት ከዚህ 100 እጥፍ ሊያልፍ ይችላል፤ ይህ 16 ሜትር ነው። በይዞታ ካርታ ላይ 16 ሜትር የሌላ ሰው ግቢ ነው። ጂፒኤስ ራሱ የሚያሰራጨው የእርማት ቀመር የሚያስተካክለው ከስህተቱ ግማሽ ያህሉን ነው።

አቪዬሽን ላይ ሲመጣ ጉዳዩ የሰው ሕይወት ይሆናል። የሳተላይት እርማት ሥርዓት በአሜሪካ ከ2003፣ በአውሮፓ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አውሮፕላን ወደ ማረፊያ ሲያመራ የሚታመን መሪ ሆኗል። በወገብ አካባቢ ያንኑ ሥርዓት ገዝቶ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ሰማዩ ሌላ ነውና። ህንድ ጋጋን የተባለውን የራሷን ሥርዓት ስትሠራ በአገሯ ሁሉ የመለኪያ ጣቢያ ዘርግታ፣ የራሷን አዮኖስፌር የሚገልጽ ሞዴል በራሷ ሊቃውንት ማዘጋጀት ነበረባት። በአፍሪካ ትልቁ አየር መንገድ ያለን እኛ ነን፤ ቢሾፍቱ አቡሴራ ላይ የሚገነባው አዲስ ኤርፖርት በዓመት ከ100 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ እንዲያስተናግድ የታቀደ ነው። የዚያ ኤርፖርት ሰማይ መግነጢሳዊ ወገብ ሥር ነው። ለኤርፖርቱ ከሚወጣው ገንዘብ እጅግ ጥቂቱ በዙሪያው ለሚተከሉ የአዮኖስፌር መለኪያዎችና መረጃውን ለሚያነቡ ሰዎች ቢመደብ፣ ከማኮብኮቢያው አስፋልት ያልተናነሰ አስፈላጊ ወጪ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ያለንበት ጊዜ ለውሳኔ የሚያስገድድ ነው። 25ኛው የፀሐይ ዑደት የጀመረው በዲሴምበር 2019 ነው፤ የከፍታው ወቅት ላይ መደረሱ በይፋ የተነገረው በኦክቶበር 2024። በሜይ 2024 ከ2003 ወዲህ ያልታየ እጅግ ከባድ የሚባል የመግነጢስ ማዕበል መጥቶ፣ በአሜሪካ በዘር ወቅት በጂፒኤስ የሚመሩ ትራክተሮች እርሻ መሀል ቆመዋል። አንድ ዑደት 11 ዓመት ገደማ ይፈጃል። በ27 ዓመቱ የተቀጠረ ተመራማሪ ጡረታ እስኪወጣ የሚያየው ሦስት ከፍታ ነው፤ በመጀመሪያው ይማራል፣ በሁለተኛው ይመረምራል፣ በሦስተኛው ያስተምራል። የእኛ የምርምር ፕሮጀክቶች ግን በሁለትና በሦስት ዓመት ይታሰባሉ፤ ዕድሜያቸው አንድ ዑደት ይቅርና ሲሶውን እንኳ አይሸፍንም። ትሪስቴ ባለው ዓለም አቀፍ የፊዚክስ ማዕከል ሠልጥኖ የመጣ ወጣት ሲመለስ የሚያገኘው ሙሉ የማስተማር ጭነትና ባዶ የላብራቶሪ ክፍል ከሆነ፣ ቀጣዩን የውጭ ዕድል ቢጠባበቅ የሚፈረድበት አይደለም።

አራት ኪሎ ራሱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ1958 እ.ኤ.አ. ከተማው ጸጥ ያለ ነበር። ዛሬ በዙሪያው ብረት፣ ገመድና ተሽከርካሪ ሞልቷል፤ በ2008 ዓ.ም መግቢያ ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር የሚሄደው በ750 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ነው፤ እንዲህ ያለ ጅረት ማግኔቶሜትርን እንደሚያውክ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። መፍትሔው ጣቢያውን መዝጋት አይደለም። ከከተማው ራቅ ያለ፣ ግን ከወገቡ ያልራቀ ቦታ ላይ መንትያ ጣቢያ ተክሎ ሁለቱን ለዓመታት ጎን ለጎን ማስኬድ ያስፈልጋል። የሁለቱ ልዩነት በቁጥር ሲታወቅ የቀድሞው መዝገብ ከአዲሱ ጋር ሳይበጠስ ይቀጠላል፤ አሮጌዎቹ የወረቀት መዛግብትም በዲጂታል እየተገለበጡ አብረው ይያያዛሉ። ይህ ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ የሚጠይቀው ቋሚ ቴክኒሺያን፣ ቋሚ ተመራማሪ፣ በየዓመቱ የማይታጠፍ ትንሽ የጥገና በጀት ነው።

ቀጣዩ የፀሐይ ከፍታ የሚጠበቀው በ2030ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ነው። ያን ጊዜ የአገሪቱን ሰማይ ለአየር መንገዱ፣ ለቀያሹና ለመከላከያው አንብቦ የሚያስረዳው ሰው ዛሬ አራት ኪሎ ወይም ባሕር ዳር የማስተርስ ተማሪ ነው። መመረቂያ ጽሑፉን ሲያስረክብ የሚገባበት መደብ ካልጠበቀው፣ በዚያው ወር ለባንክና ለውጭ ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ይልካል፤ ከሁለቱ አንዱ ደግሞ ይቀበለዋል።